የመሥሪያ ቤት የገና ዝግጅት ሳይበላሽ እንዲያልቅ፦ ከቀን ቆረጣ እስከ ሒሳብ መዝጊያ

ታኅሣሥ 24 ቀን ነው። ዶሮ ወጡ ደርሷል፣ ድፎው ተቆርሷል፣ ሥራ አስኪያጁ ንግግር ላይ ናቸው። ከ50 ሠራተኛ ግማሹ ግን ሰላጣና ዳቦ ይዞ ጥግ ጥጉን ቆሟል፤ ጾም ነዋ! ሙስሊም ባልደረቦች አንድ አንድ ለስላሳ ጠጥተው ወደ ቢሯቸው ተመልሰዋል። ጥበቃዎቹን የጠራቸው የለም። በማግስቱ ኮሚቴው ጆሮ የሚደርሰው ወሬ ደግሞ ይታወቃል፦ «ያን ሁሉ ብር ምን አደረጉት?»

እንዲህ ያለ ዝግጅት ብዙ ቦታ አይቻለሁ፤ አንዱንማ ያበላሸሁት እኔው ራሴ ነኝ። መመሪያው የተጻፈው ከ40 እስከ 60 ሠራተኛ ላለው፣ ዝግጅቱን በራሱ ግቢ በምሳ ሰዓት ለሚያደርግ መሥሪያ ቤት ነው። አራት ሳምንት ያስፈልጋችኋል። የቀራችሁ ሁለት ሳምንት ብቻ ከሆነ ደረጃ 8ን ዝለሉት፤ ሌላውን አንዱንም አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ቀን ቁረጡ (4 ሳምንት ሲቀረው)

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። ስለዚህ ከገና በፊት ባሉት ስድስት ሳምንታት የትኛውንም ቀን ብትመርጡ ጾም ላይ ትወድቃላችሁ። «ሠራተኛው ለበዓል ሳይበተን» ተብሎ በታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት የሚጠራው የዶሮ ግብዣ በየዓመቱ የሚከሽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

1. ዝግጅቱን ከገና በኋላ፣ ከጥምቀት በፊት አድርጉት። ሰው ከቤተሰቡ ተመልሷል፣ ጾሙ ተፈቷል፣ የበግና የዶሮ ዋጋም ከዋዜማው ሳምንት ቀለል ይላል።
2. ረቡዕና ዓርብን ሰርዙ። ገና ራሱ በእነዚህ ቀናት ቢውል ይበላል፤ ከገና በኋላ ያሉት ረቡዕና ዓርብ ግን እንደ ወትሮው ይጾማሉ።
3. የጥምቀት ዋዜማን፣ ጥር 10ን፣ ሰርዙ። ገሃድ ነው፤ ይጾማል።
4. ሰኞን የምትመርጡት ሌላ ቀን ከጠፋ ብቻ ነው። ለሰኞ ዝግጅት ግዢው ቅዳሜና እሑድ ይሆናል፤ ኮሚቴው ደግሞ ቤተሰብ አለው።

የ2019ን ገና ብንወስድ በዓሉ ሐሙስ ታኅሣሥ 29 ይውላል። የሚቀሩላችሁ ጥሩ ቀናት ማክሰኞ ጥር 4 እና ሐሙስ ጥር 6 ናቸው። ሁለት ቀን ብቻ! ቶሎ ያዙት፤ አብሳዩም ድንኳን አከራዩም በዚያው ሳምንት ሠርግ አላቸው። ጥር የሠርግ ወር መሆኑን የሚረሳ ኮሚቴ ወንበር የሚለምነው ከጎረቤት ዕድር ነው።

ዘመነ ዮሐንስ ላይ ገና ታኅሣሥ 28 እንደሚውልም አትርሱ። የሚቀጥለው 2020 ነው።

አለቆች «በፈረንጆቹ ገና ይሁን» ቢሏችሁ

ዋና መሥሪያ ቤታቸው ውጭ አገር በሆነ ድርጅቶች ይህ ያጋጥማል። የፈረንጆቹ ገና ታኅሣሥ 16 (በዘመነ ዮሐንስ 15) ላይ ይውላል፤ ጾሙ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ያህል ይቀረዋል። ማስቀየር ካልቻላችሁ ሙሉ በሙሉ የጾም ድግስ አድርጉት፤ ለፍስክ በላተኞች አንድ ድስት ሥጋ «ለማንኛውም» ብላችሁ አታክሉ። ዓሣንም የጾም ምግብ አድርጋችሁ አትቁጠሩ። አንዱ ይበላዋል፣ አንዱ አይነካውም፤ ክርክሩ ምሳ ላይ እንዲነሣ አትፈልጉም።

ለእንቁጣጣሽ ነገሩ ይቀላል። ፍልሰታ ነሐሴ 16 ስለሚፈታ በጳጉሜ ሰኞ፣ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ብታደርጉት ችግር የለም። የጳጉሜን ጾም በፈቃዳቸው የሚጾሙ ስላሉ የጾሙን ድስት ከፍ አድርጉ። መስከረም 1 ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ግን ይጾማል፤ የ2019 እንቁጣጣሽ ዓርብ ነው።

ደረጃ 2፦ አምስት ሰው ምረጡ

ከአምስት አይብለጡ። ከአምስቱ አንዱ ሙስሊም ይሁን፣ አንዱ ከሒሳብ ክፍል፣ አንዱ ከጥበቃ ወይም ከጽዳት። ሥራ አስኪያጁን ኮሚቴ ውስጥ አታስገቡ፤ እሳቸው ባሉበት «ብሩ አይበቃም» የሚል አይገኝም። ለእያንዳንዱ አንድ ሥራ ስጡት፦ ገንዘብ፣ ምግብ፣ መጠጥና ቡና፣ ቦታና ድምፅ፣ መርሐ ግብር። ሁሉም በሁሉም ውስጥ ሲገባ ሽንኩርት ሁለት ጊዜ ተገዝቶ ጨው ይረሳል።

ደረጃ 3፦ ማን ምን እንደሚበላ ጠይቁ (3 ሳምንት ተኩል ሲቀረው)

በስም አትገምቱ። በአለባበስም አትገምቱ። አንድ ወረቀት አዙሩ ወይም በቴሌግራም አጭር መጠይቅ ላኩ፤ ምርጫዎቹ አራት ብቻ ይሁኑ፦

- የክርስቲያን ሥጋ
- የሙስሊም ሥጋ
- ሥጋም ቅቤም የሌለበት
- በሐኪም የተከለከለ ነገር አለኝ (ምን እንደሆነ ይጻፍ)

መልሱ ለምግብ ኃላፊው ብቻ ይድረስ። የማን ስኳር ከፍ እንዳለ ቢሮው ሁሉ ማወቅ የለበትም።

አሁን ዋናው ነገር። በአገራችን ክርስቲያኑ የሙስሊም ሥጋ፣ ሙስሊሙ የክርስቲያን ሥጋ እንደማይበላ ሁሉም ያውቃል፤ ኮሚቴዎች የሚሳሳቱት «ለሙስሊሞቹ ለብቻ ሥጋ ገዝተናል» ብለው ሲያበቁ ነው። ሥጋውን ለይቶ መግዛት ከሥራው ሩቡ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. ሥጋውን ከሙስሊም ሥጋ ቤት ግዙ። ዶሮ ከሆነ የሚያርደው ሙስሊም ይሁን።
2. የሚገዛው ወይም ግዢው ላይ የሚገኘው ሙስሊም የኮሚቴ አባል ይሁን። ምሳ ላይ «ማን ገዛው?» ሲባል የሚመልሰው እሱ ነው።
3. የሚያበስለው ሰው፣ ቢላዋው፣ መክተፊያው፣ ድስቱ የተለየ ይሁን። ከአንድ ወጥ ቤት ሁለቱንም አዘጋጃለሁ የሚል ምግብ አቅራቢ ቢመጣ «ድስቶቹን አሳየኝ» በሉት።
4. ቅቤውንም ሆነ ዘይቱን ሌላው ድስት ውስጥ በተነከረ ማንኪያ አይቅዱት።
5. ማቅረቢያው ጠረጴዛ ለብቻው ይሁን፤ ቢያንስ ሁለት ሜትር ይራቅ። ጎን ለጎን ሲሆን ጭልፋ ይዘዋወራል።
6. «የሙስሊም» እና «የክርስቲያን» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ለጥፉ። ማንም አይቀየምም፤ ሰው የሚቀየመው ጠይቆ ማረጋገጥ ሲያቅተው ነው።

ሙስሊም ሠራተኛ ሁለት ብቻ ቢሆንም ይህ ሁሉ መደረግ አለበት ወይ? አዎ። አቅም ካጠረ ግን ሌላ መንገድ አለ፦ ድግሱን በሙሉ ሥጋ የሌለበት አድርጉት። ጥሩ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ሱፍ ፍትፍት ያለበት በያይነቱ ሁሉንም በአንድ መሶብ ያስቀምጣል። ገና ተፈትቶ ሥጋ የጠገበ ሰው በያይነቱ ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ አይቻለሁ።

ደረጃ 4፦ ገንዘብ ሰብስቡ (ከደመወዝ ቀን ጀምሮ)

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ሠራተኛው ግብዣ ይፈልጋል ወይስ ዘይት? አሁን አሁን በርካታ መሥሪያ ቤቶች የድግሱን ገንዘብ ትተው ለእያንዳንዱ 5 ሊትር ዘይት ወይም ዱቄት ወይም ዶሮና እንቁላል ይሰጣሉ። ኑሮው እንዲህ በከበደበት ጊዜ ይህን መጠየቅ አያሳፍርም፤ በስውር ድምፅ አስመርጡ። ዘይት ካሸነፈ ዘይቱን ከገና በፊት ስጡ፣ ለጥር ደግሞ ቡናና ድፎ ብቻ አዘጋጁ። የዚህ መመሪያ ሲሶ ቀረላችሁ ማለት ነው።

ግብዣ ከተመረጠ፦

1. የድርጅቱን ድርሻ በደብዳቤ ጠይቁ፣ በቃል «እናያለን» አትመኑ። መንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የእንቁጣጣሽ ጥያቄ በሐምሌ መግባት አለበት።
2. መዋጮውን በደመወዝ ደረጃ ለዩት። የጽዳት ሠራተኛና የመምሪያ ኃላፊ እኩል እንዲያወጡ አታድርጉ።
3. ገንዘቡ በአንድ ሰው ቴሌብር ወይም ባንክ ይግባ፣ ሌላ ሰው ግን በየቀኑ መዝገቡን ይይ። ጥሬ ገንዘብ ለሰጠ ሰው ወዲያው ደረሰኝ ወይም ፊርማ ይሰጠው።
4. ያልከፈለ ሰው ስም ግድግዳ ላይ አትለጥፉ። በግል አስታውሱት፤ ሁለት ጊዜ ተነግሮት ዝም ካለ ተዉት። የማይመጣ መስሏችሁ ምግቡን ግን አትቀንሱ፤ ይመጣል።
5. ከጠቅላላው 10 በመቶውን ነጥላችሁ ያዙ። በዝግጅቱ ጠዋት የሚጎድል ነገር አይጠፋም።

ደረጃ 5፦ ከአብሳይ ወይም ከምግብ አቅራቢ ጋር ተዋዋሉ (3 ሳምንት ሲቀረው)

«በሰው ይህን ያህል» የሚል ዋጋ ሲሰጣችሁ ወዲያው እነዚህን ጠይቁ፦ 15 በመቶ ቫት ተካቷል? አገልግሎት ክፍያስ? ሆቴል ከሆነ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ከቫቱ በተጨማሪ ይመጣል፤ ሁለቱ ሲደመሩ የ50 ሰው ሒሳብ ከ60 ሰው በላይ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሰሃን፣ ማሞቂያ፣ አስተናጋጅ፣ መጓጓዣ ውስጡ ናቸው? ስንት ዶሮ ለስንት ሰው?

መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ቀብድ ከግማሽ አታሳልፉ። የመድረሻውን ሰዓት የምትጽፉት ምግቡ ከሚቀርብበት ሁለት ሰዓት አስቀድማችሁ ነው፤ ምሳ 7 ሰዓት ከሆነ ውሉ ላይ «5 ሰዓት» ይጻፍ። አቅራቢው ስንት ሰዓት ምሳ እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል። (ውሸት አይደለም፤ አልጠየቃችሁም።)

ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ ለመሥሪያ ቤት አታዙ። ኮሶ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ሥጋው ከቄራ ወጥቶ ንግግር እስኪያልቅ ሙቀት ላይ ይቀመጣል። የበሰለ ጥብስ ወይም ቀይ ወጥ ይበቃል። ግቢ ውስጥ በግ ማረድም ይቅር፤ ደሙን፣ ፈርሱንና ቆዳውን ማን እንደሚያነሣ አስቀድሞ የሚያስብ ኮሚቴ እስካሁን አላየሁም።

ደረጃ 6፦ መጠኑን አስሉ

ይህ ለ50 ሰው ነው፤ 38 የክርስቲያን ሥጋ፣ 9 የሙስሊም ሥጋ፣ 3 ያለ ሥጋ ብለን።

- ዶሮ፦ አንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል፤ ግን አንገትና ክንፍ የደረሰው ሰው ዶሮ በላሁ አይልም። አንዱን ለ8 ሰው አስቡት። ለ38ቱ 5 ዶሮ፣ ለ9ኙ ለብቻ 2 ዶሮ ወይም 2 ኪሎ ሥጋ።
- እንቁላል፦ ለሰው አንድ፣ ሲላጥ ለሚበላሽ 5 ጨምሩ።
- ሽንኩርት፦ ለአንድ ዶሮ ከ2 ኪሎ አይነስ። ሽንኩርት፣ በርበሬና ቅቤ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት ግዙ፤ የዋዜማው ሳምንት ዋጋ ሌላ ነው። ቅቤ ለመግዛት ሾላ የሚሄደው ቅቤ የሚያውቅ ሰው ይሁን።
- ጥብስ ወይም ቀይ ወጥ፦ አጥንት የሌለው 5 ኪሎ።
- ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፦ ሁሉም ሰው ጎን ለጎን ስለሚወስደው ለ3 ሰው ሳይሆን ለ50 አስቡት፤ ምስርና ክክ ጥሬው 1 ኪሎ ተኩል ተኩል፣ ሽሮ 1 ኪሎ ተኩል።
- እንጀራ፦ ለሰው አንድ ተኩል፣ በዚያ ላይ 10፤ ወደ 85 ይመጣል። ማለዳ የተጋገረ ይሁን።
- ድፎ ዳቦ፦ የ5 ኪሎ ዱቄት።
- ቡና፦ ለአቦልና ለቶና ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና። በረካ የሚጠብቅ ሰው ሥራ የለውም።
- መጠጥ፦ ግማሽ ሊትር ውኃ 75፣ ለስላሳ 2 ሣጥን፤ ሣጥኑ 24 ጠርሙስ ነው። ቢራ ካለ ለሚጠጡት በነፍስ ወከፍ ከአንድ ተኩል አይብለጥ። የባዶ ጠርሙስ ማስያዣ የተከፈለበትን ወረቀት ለገንዘብ ያዡ ስጡ።

አልኮል ይኑር አይኑር የሚለውን ለሥራ አስኪያጁ ተዉት፤ አቋም ከፈለጋችሁ የእኔ ይህ ነው፦ ከምሳ በኋላ ወደ ሥራ የሚመለስ፣ መኪና የሚነዳ ወይም ማሽን የሚያንቀሳቅስ ሰው ካለ አይኑር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘት ክልክል ነው፤ ያሰከረው የመሥሪያ ቤቱ ግብዣ ነው ብሎ መከራከር ለማንም አይበጅም።

ደረጃ 7፦ ቦታውን አዘጋጁ (ከዋዜማው ከሰዓት)

1. ቄጠማ ከመጎዝጎዛችሁ በፊት ወለሉን እዩ። ሴራሚክ ከሆነ እርጥብ ቄጠማ ያንሸራትታል፤ ቡና ማፍያው ዙሪያ ብቻ ጎዝጉዙ፣ መተላለፊያውን ተዉት።
2. ከሰል ዝግ ክፍል ውስጥ አታስገቡ። ቡናው በረንዳ ላይ ወይም ሁለት መስኮት በተከፈተበት ቦታ ይፈላ። ከሰሉ ውጭ ተያይዞ ጭሱን ጨርሶ፣ ፍም ሲሆን ይግባ። የከሰል ጋዝ ሽታ ስለሌለው ሰው የሚያውቀው ራሱን ሲያመው ነው።
3. ጣሪያው ላይ የጭስ መጠቆሚያ ካለ የሕንፃ አስተዳደሩን አስቀድማችሁ አማክሩ። ዕጣን ሲጨስ አሥር ፎቅ ሕንፃ በደወል ሲወጣ ማየት ደስ አይልም። መጠቆሚያውን በላስቲክ አትሸፍኑት፤ ቡናውን ወደ ውጭ አውጡት።
4. የምግቡን ጠረጴዛ ከግድግዳ አርቁት፤ በሁለት በኩል ሰው እንዲነሣበት። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ሰው ለማንሣት 40 ሰከንድ ቢፈጅበት 50 ሰው በአንድ ሰልፍ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቆማል። በሁለት በኩል ሲሆን 17 ደቂቃ ይሆናል።
5. መብራት ቢጠፋስ? በባትሪ የሚሠራ ስፒከር፣ የምግብ ማሞቂያ ጄል፣ የተሞላ ስልክ አዘጋጁ።

አለባበስን በተመለከተ፦ አንድ ዓይነት ቲሸርት ማሳተም የተለመደ ሆኗል። ልኩ የማይሆነው ሰው ግን ሁሌም አለ፣ ከገና በኋላ የሚለብሰውም የለም። «የአገር ልብስ ያለው ይልበስ፣ የሌለው ነጠላ ወይም ጋቢ ይደርብ» በሉ። ለሽሮ ሜዳ አዲስ ቀሚስ ደመወዙን የሚያወጣ ሰው እንዳይኖር ማስታወቂያው ላይ «ግዴታ አይደለም» የሚለውን ጨምሩ።

ደረጃ 8፦ የዕጣ ስጦታ (ካስፈለገ)

ስም በዕጣ አውጥቶ በስውር ስጦታ መለዋወጥ ወጣት በሚበዛበት ቢሮ ይወደዳል። የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው፦ አንዱ ውድ አንዱ ርካሽ ሲያመጣ፣ አንዱ ረስቶ ሲመጣ፣ አለቃና ሠራተኛ ሲተያዩ። ስለዚህ ዝቅተኛና ከፍተኛ ዋጋ ወስኑ። ተሳትፎውን በፈቃድ አድርጉት። ከመጠባበቂያው ገንዘብ ሦስት የተጠቀለሉ ስጦታዎች ደብቃችሁ ያዙ፤ እጁ ባዶ የቀረ ሰው ሲኖር ኮሚቴው ዝም ብሎ ያቀብለዋል። ሽቶና የውስጥ ልብስ ይከልከሉ። ይህን መጻፍ ነበረብኝ? ነበረብኝ።

ደረጃ 9፦ የዕለቱ ቅደም ተከተል

5፡00 ምግብ ይደርሳል። የምግብ ኃላፊው ድስቶቹን ቆጥሮ ይቀምሳል። ጨው ያነሰው አሁን ይስተካከላል።

5፡30 በፈረቃ ላይ ላሉት፣ ለጥበቃና ለሾፌር ምግብ ይነሣላቸው። *መጀመሪያ* ነው የሚነሣው። ስማቸው የተጻፈበት ዕቃ ውስጥ አድርጉት፤ ፈረቃ የሚቀይራቸው ሰው ካለ ደግሞ ከሌላው ጋር ተቀምጠው እንዲበሉ አድርጉ። የተረፈ ማቅረብ ስድብ ነው።

6፡15 ሰው ይሰበሰባል። ድፎው በዕድሜ በገፉ ባልደረባ ይቆረስ፤ ምርቃትም በእሳቸው። የአንድ ሃይማኖት ጸሎት ሲመራ ሌላው ምን እንደሚያደርግ ይጨንቀዋል፤ «ከዓመት ዓመት ያድርሰን፣ አይለየን» የሚል ምርቃት ግን ሁሉም «አሜን» ይለዋል።

6፡25 የሥራ አስኪያጅ ንግግር፣ 5 ደቂቃ። ስለ ዕቅድ አፈጻጸም እንዳያነሡ በትሕትና አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ምግብ እየሸተተው የሩብ ዓመት ሪፖርት የሚሰማ ሰው የለም።

6፡30 ፎቶ፣ እጅ መታጠብ። የዙህር ሰላት በአዲስ አበባ በዚህ ሰዓት አካባቢ ስለሚገባ የሚሰግዱ ሰግደው ይመለሳሉ። ምግቡን በዚህ መሐል አትክፈቱ።

7፡00 ምግብ። ዶሮው ላይ አንድ ሰው ጭልፋ ይዞ ይቁም፤ አንድ ብልትና አንድ እንቁላል። ራሳቸው እንዲያነሡ ከተተወ የመጨረሻዎቹ አሥር ሰዎች የሚያገኙት መረቅ ነው። ሁለተኛ ዙር ሁሉም ካነሣ በኋላ ይፈቀዳል።

8፡00 ቡና፣ ፈንዲሻ፣ ስጦታ፣ ጨዋታ። በግድ የሚያስጨፍር ፕሮግራም መሪ አትቅጠሩ።

9፡30 ይዘጋል። ሙዚቃው ሲዘጋ ሰው ይሄዳል፤ ካልተዘጋ አይሄድም።

ሲበላሽ ምን ይደረግ

*ምግብ አቅራቢው ዘገየ።* ቡናውንና ድፎውን ወደ ፊት አምጡ፣ ስጦታውን አሁን ጀምሩ። 7 ሰዓት ተኩል ድረስ ካልመጣ ቀድማችሁ ስልኩን ከያዛችሁት ምግብ ቤት በያይነቱ እዘዙ። ለዚያ ነው 10 በመቶው።

*ጭልፋ ተዛነቀ፤ የክርስቲያኑ ድስት ማንኪያ የሙስሊሙ ውስጥ ገባ፣ ወይም ቅቤ ያለበት ጭልፋ ሽሮው ውስጥ።* ድስቱን አንሡና ለሚመለከታቸው በግልጽ ንገሩ። «ትንሽ ነው፣ ማንም አላየም» ብሎ ማለፍ የለም። ማቅረቢያው ሲሞላ ከእያንዳንዱ ዓይነት ጥቂቱን ወጥ ቤት ውስጥ ለይታችሁ ካስቀመጣችሁ የሚተካ አላችሁ፤ ከሌላችሁ ውጭ እዘዙላቸው። እኔ አንድ ጊዜ ዝም ብዬ ነበር። ሁለት ባልደረቦች ከዚያ ወዲያ የመሥሪያ ቤቱን ምግብ ቀምሰው አያውቁም።

*ሥጋው አለቀ፣ ሰልፉ አላለቀም።* የቀረውን እንቁላል ለሁለት ክፈሉ፣ ጥብሱን ወደ ዶሮው ጠረጴዛ አምጡ። የኮሚቴው አባላት እስካሁን አልበላችሁም አይደል? ከበላችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው።

*ሰው ራሴን አዞረኝ አለ፣ ሁለተኛም አለ።* ከሰል ነው። ምግብ ነው ብላችሁ አትከራከሩ። መስኮት ክፈቱ፣ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፣ ማንደጃውን አውጡ። ያስታወከ ወይም የደነዘዘ ሰው ካለ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

*ዘይት ተቀጣጠለ።* ውኃ አታፍስሱበት። ምድጃውን አጥፉ፣ በክዳን ክደኑት፣ እስኪበርድ አትክፈቱት።

*አንድ ሰው ከልክ በላይ ጠጣ።* ቁልፉን የሚቀበለው ጓደኛው ይሁን፣ አለቃው አይሁን። የራይድ ወይም የፈረስ ታክሲ ጥሩለት፣ አንድ ሰው ቤቱ ድረስ ይሸኘው። ቪዲዮ የቀረጸ ካለ እዚያው ይደምስስ።

ደረጃ 10፦ ዝጉ

የተረፈውን ምግብ በ9 ሰዓት ተኩል አካፍሉ። ከማሞቂያ ከወጣ ሁለት ሰዓት ያለፈው ሥጋና እንቁላል ግን ለማንም አይሰጥ፤ «ለጥበቃዎቹ ይሁን» አይባልም። እንጀራ፣ ዳቦና ያልተከፈተ መጠጥ በደህና ይከፋፈላል። የጽዳት ሠራተኞች ተጋባዥ ናቸውና ማጽዳቱን ለእነሱ አትተዉ፤ ሰሃኑን ሁሉም ያንሣ፣ ወለሉን ኮሚቴው ይጥረግ ወይም ለተጨማሪ ሰዓታቸው ይከፈላቸው።

በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ አንድ ገጽ ሒሳብ ለጥፉ፦ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ። ደረሰኞቹ ከሒሳብ ክፍል ይገኛሉ ብላችሁ ጻፉበት። ብር ከተረፈ ለምን እንደሚውል ሠራተኛውን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ለታመመ ባልደረባ መጠየቂያ ይሆናል።

ከዚያ በአንድ ደብተር ላይ ሦስት ቁጥር ጻፉ፦ ስንት ሰው መጣ፣ ስንት እንጀራ ተረፈ፣ ምግቡ ስንት ሰዓት ደረሰ። ደብተሩን ለሚቀጥለው ኮሚቴ ስጡና ባዶ ጠርሙሶቹን መልሱ፤ ማስያዣው ሳይመለስ ሒሳቡ አይዘጋም።